የሞያሌን ሰማይ የማያይ ረዳት

ከሞያሌና ከማርሳቢት ፍየልና ሰንጋ ወደ ናይሮቢ ከሚያወርዱ ነጋዴዎች ጋር ሻይ ስንጠጣ አንድ አዲስ ልማድ እያየሁ ነው። ድሮ “እዚያ ዝናብ ጣለ ወይ?” የሚለው ጥያቄ የሚሄደው ለደላላው፣ ለሹፌሩ ወይም ኤላ አጠገብ ለሚኖር ዘመድ ነበር። አሁን ስልኩን አውጥቶ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳትን የሚጠይቅ ነጋዴ በዝቷል። ረዳቱም ይመልሳል። በጥሩ ቋንቋና ያለ ማመንታት ይመልሳል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ረዳቱ በራሱ ሰማይ አያይም። የሚያውቀው የተማረበትን ጽሑፍ ነው። የሞያሌን ሚያዝያ ስትጠይቁት የሚነግራችሁ የዘንድሮውን ሚያዝያ ሳይሆን የሚያዝያን ወግ ነው፤ “ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ዝናብ ይጠበቃል” ይላችኋል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ይዞ የገዛ ነጋዴ አምስቱንም ጊዜ ይሳሳት ነበር። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ያለቀው እንስሳ በ2022 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት ቆጠራ ከ9 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ድርቅ ሰንጋው ሸንተረር ላይ የወደቀበት አርብቶ አደር ብቻ ሳይሆን፣ ክሱ ከብት ገዝቶ መንገድ ላይ የሞተበት ነጋዴም ከስሯል።

የኔ ሐሳብ “ረዳቱን ተዉት” የሚል አይደለም። ተዉት ብል የሚሰማኝም የለም። ሐሳቤ ይህ ነው፦ የነጋዴ ማኅበራት የራሳቸውን የአየር መረጃ መሣሪያ ከረዳቱ ጋር ያገናኙ፤ ሲያገናኙም እኛ የምንነግድበትን መሬት የሚያውቅ ይሁን፤ የሚያገኙትንም መልስ ለሻጩ አርብቶ አደር ጭምር ያካፍሉ። የመጨረሻው ነጥብ ብዙዎቻችሁን እንደማያስደስት አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ነገሩ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። መሣሪያ የምንለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስም አለው፣ ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አለው፣ የሚቀበለው ነገር አለው። ለአየር ሁኔታ ከሆነ የሚቀበለው የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ነጋዴው “ነገ ዱብሉቅ ይዘንባል?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ረዳቱ መልሱን ከራሱ ከማውጣት ይልቅ መሣሪያውን ይጠራል። መሣሪያው የትንበያ ማዕከልን ኮምፒውተር ጠይቆ የዝናቡን ሚሊ ሜትርና የሙቀቱን ዲግሪ ያመጣል። ረዳቱ ቁጥሩን በሰው ቋንቋ ይነግራችኋል። ልክ ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ እንደሚያነብላችሁ ማለት ነው። መዝገብ ሳይከፍት የሚያወራ ጸሐፊና ከፍቶ የሚያነብ ጸሐፊ አንድ አይደሉም።

ይህን ግንኙነት የሚያቃልል የጋራ ስምምነትም አለ። ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ይባላል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2024 ለሁሉም ክፍት አድርጎ አወጣው፤ በ2025 ኦፕንኤአይና ጉግልም ተቀበሉት። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሠራ መሣሪያ ከተለያዩ ረዳቶች ጋር ሊሠራ ይችላል። ኮምፒውተር የተማረ የአንዳችሁ ልጅ በጥቂት ቀናት ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

እዚህ ግን የመጀመሪያው ወጥመድ አለ። ለጀማሪዎች መማሪያ ተብሎ የተሰጠው ምሳሌ ራሱ የአየር ሁኔታ መሣሪያ ነው። ብዙ ወጣቶች የሚጀምሩት እሱን በመቅዳት ነው። ምሳሌው መረጃውን የሚያመጣው ከአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ነው፤ የሚያውቀውም የአሜሪካን ምድር ብቻ ነው። ካሊፎርኒያን ቢጠይቁት በደንብ ይመልሳል። ሞያሌን ሲጠይቁት መረጃ ማምጣት አይችልም።

ይህ በራሱ ችግር አይደለም። “አላገኘሁም” የሚል መሣሪያ ሐቀኛ ነው። አደጋው የሚመጣው ረዳቱ ባዶ እጁን ሲመለስ “አላገኘሁም” ማለት ትቶ ወደ ወጉ ሲመለስ ነው። ጠያቂው መሣሪያ እንደተገናኘ ያውቃል፤ መልሱ ከመሣሪያው የመጣ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው መልስ መሣሪያ ከሌለው ረዳት መልስ ይብሳል፤ ያለ መሣሪያ የሚያወራውን ቢያንስ እንጠረጥረዋለን።

የእኛ መሬት ሦስት ፈተናዎች

የአሜሪካውን ትታችሁ ዓለምን የሚሸፍን ምንጭ ብታገናኙም ሥራው አላለቀም። ለምሳሌ ኦፕን ሜቴኦ የተባለው አገልግሎት የማንኛውንም ቦታ ትንበያ እስከ 16 ቀን ይሰጣል፤ ለንግድ ላልሆነ አጠቃቀም ክፍያ አይጠይቅም። እናንተ ነጋዴዎች ስለሆናችሁ ግን የንግድ አጠቃቀሙን ውል ማንበብና መክፈል ሊኖርባችሁ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሦስት ፈተናዎች ከገንዘብ ይልቅ ዕውቀት ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው የቦታ ስም ነው። “ማርሳቢት” ስትሉ ረዳቱ የሚይዘው ምናልባት የከተማዋን ነጥብ ነው። ከተማዋ ተራራ ላይ ናት፤ ጭጋግና ቅዝቃዜ አላት። ጭነታችሁ የሚያልፈው ግን በዲዳ ገልገሉ ሜዳ ነው። ከተራራው በስተምዕራብ ደግሞ የቻልቢ በረሃ አለ። በተራራው ቁጥር ለሜዳው ከተፈረደ በሙቀት የሚታፈነው ፍየላችሁ ነው። “ማርሳቢት” የሚለው ስም ለሰፊው ካውንቲም ያገለግላል፤ ሞያሌም ከድንበሩ በሁለቱም ወገን አለች። ለመሣሪያው ስም ብቻ ሳይሆን ነጥብ መስጠት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የወቅት ስም ነው፤ ይህ በአማርኛ ለሚጠይቁ በተለይ አደገኛ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ ይከፍላል። በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ለደገኛው በጋ ማለት ደረቅ ወቅት ነው። ለቦረና ግን በዚሁ “በጋ” ውስጥ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሀገያ የሚባለው ሁለተኛው ዝናብ አለ። ክረምት ሲባል ደገኛው ዶፍ ያስባል፤ በቦረና ያ ጊዜ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። አማርኛ ጽሑፍ የሚበዛው ከደጋው ስለሆነ፣ ረዳቱን “በበጋ ከብት ልግዛ?” ስትሉት የደገኛውን በጋ ይነግራችኋል። ወር ስትጠሩም ጠንቀቅ በሉ። መስከረም የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ረዳቱ ግን “መስከረም” የሚለውን ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ሊቆጥረው ይችላል። ለመሣሪያው ቀን ስትሰጡ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ስጡ።

ሦስተኛው የዝናቡ ጠባይ ነው። የአውሮፓው የመካከለኛ ርቀት ትንበያ ማዕከል ዋና ሞዴል ዓለምን ወደ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ካሬዎች ይከፋፍላል። በቆላው ግን ዝናብ አንዱን መንደር አርሶ ጎረቤቱን እንደሚዘል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ “12 ሚሊ ሜትር” የሚለው ቁጥር የካሬው ግምት ነው፤ የእናንተ ሻጭ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ልኬት አይደለም። ደግሞም ዝናብ ሣር አይደለም። ዝናብ ከጣለ በኋላ ሣሩ እስኪወጣ፣ ከብቱ ሰውነት እስኪይዝ ሳምንታት ያልፋሉ። በ2010 በማርሳቢት፣ በ2012 በቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን ክፍያውን በዝናብ መጠን ሳይሆን ከሳተላይት በሚታይ የልምላሜ ልኬት ላይ የመሠረተው በከንቱ አይደለም።

ወቅታዊ ትንበያን ማንበብ

ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ንጎንግ ላይ የኢጋድ የአየር ጠባይ ትንበያና ትግበራ ማዕከል አለ። አይክፓክ ይሉታል። ሥሩ በ1989 ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው የድርቅ ክትትል ማዕከል ነው። ከየአገሮቹ የሜትሮሎጂ ተቋማት ጋር በዓመት ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠርቶ ለመጪው ወቅት ትንበያ ያወጣል። ለድንበር ዘለል ነጋዴ ከዚህ የቀረበ ምንጭ የለም፤ ድንበሩ የማይቆርጠው አንድ ካርታ ነውና።

የሚያወጣው ግን “ይዘንባል” ወይም “አይዘንብም” አይደለም። ሦስት ዕድሎችን ነው፦ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ። ለምሳሌ ያህል 45፣ 30 እና 25 በመቶ ቢል፣ ትርጉሙ “ድርቅ ነው” አይደለም። ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከወትሮው ከፍ ብሏል፤ ግን ከግማሽ በላይ የሆነው ዕድል አሁንም ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ነው። ረዳቶች ይህን ሲያሳጥሩ ብዙ ጊዜ ትልቁን ቁጥር ብቻ አንስተው “ዝናቡ አነስተኛ ይሆናል” ይላሉ። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ያላችሁን ሁሉ ብትሸጡ ወይም ብትገዙ፣ የነገደው እናንተ ሳትሆኑ ማሳጠሩ ነው። መሣሪያው ሦስቱንም ቁጥሮች ሳያሳጥር እንዲያቀርብ ይታዘዝ።

ብዙ ዝናብም ሁልጊዜ ምሥራች አይደለም። በ1997 እና 98 የኤልኒኞ ጎርፍ ተከትሎ፣ በኋላም በ2006 መጨረሻ፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሣ። ጎርፉ በተኛበት ጭቃ የተቀመጠው የወባ ትንኝ ዘመዶች እንቁላል ይፈለፈላል፤ በግና ፍየል ያስወርዳሉ፣ ግልገል ያልቃል፣ ሰውም ይሞታል። ከ2006 ታኅሣሥ ጀምሮ በኬንያ ብቻ ከ150 ሰው በላይ ሞተ፤ እንስሳ ማንቀሳቀስ ተከለከለ፣ ገበያዎች ተዘጉ። በ2000 ደግሞ በሽታው ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የአፍሪካ ቀንድን የቁም እንስሳ አገዱ። በ2006 የናሳ ሳይንቲስቶች የባሕሩን ሙቀትና ዝናቡን አይተው በሽታው ከመታወቁ ከሳምንታት በፊት አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው ነበረ፤ ወደ ገበያው ሰው ጆሮ የሚያደርሰው መንገድ ግን አልነበረም። ዛሬ የምንሠራው መሣሪያ ያን መንገድ ካልሆነ ለምን እንደክማለን?

ማኅበሩ ምን ይሥራ?

አምስት ነገሮች እላለሁ።

አንደኛ፣ የራሳችሁን የቦታ መዝገብ አዘጋጁ። ገበያዎች፣ ኤላዎች፣ ማራገፊያዎች፣ ሎሪ የሚያድርባቸው ቦታዎች፣ እያንዳንዱ በነጥብ። ያቤሎ፣ ዱብሉቅ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ በሁለቱም ወገን፣ ቱርቢ፣ ላይሳሚስ፣ ኢሲዮሎ፣ ናኑኪ፣ ኪያማይኮ። ይህን መዝገብ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የኮምፒውተር ባለሙያ የለም። ናኑኪን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቆላ የመጣ ፍየል ሌሊት በዝናብ ርሶ ያንን ብርድ ካቋረጠ ሳል ይጀምረዋል፤ ቄራ ሲደርስ ኪሎውም ዋጋውም ወርዷል።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ሦስት ነገር ለይቶ ያምጣ፦ ባለፉት 30 ቀናት የጣለውን፣ በመጪው ሳምንት የሚጠበቀውንና የወቅቱን ዕድል። የሳምንቱ ለጭነት ነው፤ ዛሬ ልጫን ወይስ ልቆይ ለሚለው። ያለፈው ወር ለግጦሽና ለውሃ ነው። የወቅቱ ለግዢና ለብድር ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መልስ ምንጩንና የወጣበትን ቀን ይያዝ። መረጃ ካልመጣ ረዳቱ “የለኝም” ብሎ እንዲያቆም በግልጽ ይታዘዝ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ፈትኑት። ኢንተርኔት ጠፍቶም የነገውን ዝናብ ከነገራችሁ ጣሉት።

አራተኛ፣ መሣሪያው ማንበብ ብቻ ይቻለው። ኤምፔሳ፣ የደንበኛ ስልክ፣ የዋትስአፕ መልእክት አይሰጠው። ይህን መርሳት የለባችሁም፦ መሣሪያውን የሚያስተዳድረው ሰው ማን የትኛውን ነጥብ እንደጠየቀ ያያል። አሥር ነጋዴ በአንድ ቀን ሜጋን ከጠየቀ የት ልትገዙ እንዳሰባችሁ አወቀ ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ማኅበሩ ይሁን፤ መዝገቡም በየጊዜው ይጥፋ።

አምስተኛ፣ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ገንዘብ ሳታወጡበት ፈትኑት። በየሳምንቱ መሣሪያው ያለውንና ቦታው ላይ ያለ ሰው በስልክ የነገራችሁን ጎን ለጎን ጻፉ። በወቅቱ መጨረሻ የት እንደሚታመን፣ የት እንደማይታመን ታውቃላችሁ። ደላላችሁን ያመናችሁት በዚሁ መንገድ አይደለምን?

ለሻጩም ይድረስ

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። አንድ የማከብራቸው አንጋፋ ነጋዴ ይህን ሐሳብ ስነግራቸው “ልጄ፣ ወሬ እኮ የኛ ሸቀጥ ነው። ዝናቡ እንደሚቀር እኔ ቀድሜ ካላወቅሁ ምን አተርፋለሁ?” አሉኝ። እውነት አላቸው። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም ይሸጣል፣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። ዝናብ ሲመጣ አርብቶ አደሩ ከብቱን ይይዛል፣ ናይሮቢ ላይ ዋጋ ይወጣል። የዝናብ ወሬ የዋጋ ወሬ ነው። ቀድሞ ያወቀ ያተርፋል።

ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናስላ። ሻጩ ሳያውቅ ሲቀር ምን ያደርጋል? “ይዘንባል” እያለ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ሰንጋው ይከሳል። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ሳምንት ገበያ ይወጣል፤ ከብቱ ቆሞ መሄድ አይችልም፤ በሎሪ ላይ ይሞታል፤ ቄራው ክስ ሥጋ አይቀበልም። ርካሽ የገዛችሁት ውድ ሆኖ ያርፋል። ቀድሞ ያወቀ ሻጭ ግን ሰውነት ያለውን ወንዱን ከብት ጥቂት ጥቂት እያደረገ ያወጣል፤ ላሞቹን በሚበቃው ግጦሽ ያተርፋል። እናንተ ዋጋው በመጠኑ ከፍ ያለ፣ ግን ኪሎ ያለውና መንገድ የሚችል እንስሳ ታገኛላችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድርቁ ሲያልፍ እናት ከብት ይተርፋል። እናቶቹ ካለቁ መንጋው እስኪያገግም ዓመታት ይፈጃል፤ በነዚያ ዓመታት እናንተ ምን ትሸጣላችሁ?

ከአንድ ሎሪ የሚገኝ ትርፍና ከአንድ መንጋ የሚገኝ የአሥር ዓመት ንግድ አይመዛዘኑም። ደግሞም ምስጢሩ እንደ ድሮው አይቆይም። ዛሬ ስልክ በእያንዳንዱ ኤላ አጠገብ አለ። የሻጩ ልጅም ረዳቱን ይጠይቃል። ምርጫው እሱ ወጉን ሰምቶ ይሳሳት ወይስ እናንተ ያጣራችሁትን ይስማ የሚለው ብቻ ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ሲሠራ በየሳምንቱ አጭር መልእክት በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በስዋሂሊና በአማርኛ ይውጣ፤ በድምፅም ጭምር፤ ገበያው ላይም ይነበብ። ሦስቱ ዕድሎች፣ ምንጩና ቀኑ ይኑሩበት። ዛሬም በገበያችን አዋጅ ሲነገር የሚባለው የታወቀ ነው፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ።

ቀጣዩ ወቅታዊ ትንበያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ማኅበር ቢጀምር ለቀሪዎቹ ማሳያ ይሆናል። የቦታ መዝገቡን ለማዘጋጀት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አራት ሽማግሌ ነጋዴና አንድ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት ይበቃል። ወጣቱ ከሽማግሌዎቹ መሬቱን ይማራል፤ ሽማግሌዎቹም ረዳቱ መቼ እንደሚያውቅና መቼ እንደሚያወራ ለመለየት ይማራሉ።